የአባትሽ የመጥለቂያ መነጽር

ለምወድሽ ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልም፤ ክፉ ነገር በሩቁ ይለፍሽ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ተጠግኗል፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም እንደ ልማዷ ከክር ይልቅ ወሬ ትቀጥላለች። እጄ ሽንኩርት ይዟልና የምልሽን የሚጽፍልኝ ወንድምሽ ነው።

ብርዱ ሲገባ፣ አንቺም ለዕረፍት ስትመጪ፣ ሦስታችንም ባሕር ዳርቻ ሄደን መጥለቅ ልንማር ነው! አባትሽ «ከዓሣዎቹ ጋር ሳላስተዋውቃችሁ አልሞትም» ይል አልነበር? ሕመሙ ቀደመው። ወንድምሽ «እንሂድ» ባለ ቁጥር «አባትህን ሕመም ወሰደብኝ፤ አንተን ደግሞ ለውሃ አልሰጥም» እያልኩ ዓመት አለፈ፤ እሱም ሳቅ የሚባል ነገር ረሳ።

ባለፈው ግን ሽንኩርት ዓይኔን ሲያቃጥለኝ የአባትሽን የመጥለቂያ መነጽር ከሣጥን አውጥቼ አጠለቅሁት። ወንድምሽ ከትምህርት ቤት ሲገባ አየኝና «እማዬ፣ ድስቱ ውስጥ ልትጠልቂ ነው?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያን ሳቅ ስሰማ «በቃ፣ እንሄዳለን» አልኩ። ወዲያው ባሕር ዳርቻው ላለ የመጥለቅ አሰልጣኝ ደውለን ቦታ ያዝን።

(እታለም፣ ይህን እማዬ ሳታውቅ ነው የምጨምረው። መነጽሩን ስታወልቅ ውስጡ እንባ ነበረው፤ እሷ ግን እየሳቀች ነበር።)

አደራ፣ ወፍራም ካልሲ አድርጊ፤ ብርድ አይናቅም። ደግሞ እንዳትቀሪ። እኔ ዋና አልችልም፤ ውሃው ውስጥ ስገባ አንድ እጄን ወንድምሽ ይይዝልኛል፣ ሌላው ያንቺ ነው። በሰላም ያገናኘን።

እናትሽ