የሊር ከተማ ወሬ አለቀብኝ

የልጄ ልጅ ሪሐብ፣ አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ፤ በቤልጅየም ቸኮሌት ጥርስሽ ሳይረግፍ ለአይነ ሥጋ ያብቃን። እናትሽ ደህና ናት፤ ሥራ ገድሏታል። እኔ ግን እዚህ ሆሎዌይ የሕንፃችን ሊፍት ከተበላሸ ወዲህ እስረኛ ነኝ። በዚህ ጉልበት ከስምንተኛ ፎቅ መውረድ አልቻልኩም፤ መስጊድም ቀረብኝ።

የሚጠይቀኝ ሐጂ ሙባሽር ብቻ ነው። ከጁምዓ በኋላ እያለከለከ ደረጃውን ይወጣል። መምጣቱን እንዳይተው ብዬ ያለሽበትን ከተማ፣ የሊርን ታሪክ በየሳምንቱ ቆንጥሬ አወራዋለሁ። የጥንት መስፍናቸው «ዩኒቨርሲቲ ወይስ የበግ ገበያ ልስጣችሁ?» ቢላቸው ገበያውን መረጡ ይባላል፤ እስከ ዛሬ «የበግ ራሶች» እየተባሉ ይሰደባሉ ስለው፣ «ምን አጠፉ? ለአረፋ ዲግሪ ይታረዳል እንዴ!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ።

አሁን የሰዓቱን ማማም፣ ወንዞቹ የሚገናኙበትንም ጨረስኩ። ባለፈው ጁምዓ «ከከተማው ወጣ ሲባልስ ምን አለ?» ሲለኝ ሳል ያዘኝ አልኩ። «ወሬህ ካለቀማ ይሄን ሁሉ ደረጃ ለምን እወጣለሁ?» አለኝ። ሲቀልድ ነው፤ ግን ፈራሁ።

አንቺም ከሥራ መልስ ከክፍልሽ አትወጪም አሉ። የአንቺ ሊፍት ምን ሆነ? በሞቴ፣ ቅዳሜ ወንዙን ተከትለሽ ከከተማው ወጣ በይና ያየሽውን ጻፊልኝ። ከኢንተርኔት መገልበጥ የለም፤ እሱን እኔም እችላለሁ። አላህ እግርሽን ያበርታልሽ፤ ለሁለታችንም ሂጂበት።

አያትሽ ሙከሚል