የማይደበቅ አማች

ሸዋል 18
ዋና ከተማችን ኑዋክሾት ገባሁ። ከአገሬ ከአጣር እስከዚህ አሸዋና የመኪና ጥሩምባ ብቻ። ለዓይኔ ነው የመጣሁት። ግራው ከጠፋ ቆየ፤ ቀኙንም ሞራ እየወረሰው ነው። ሐኪሙ "ይገፈፋል፤ ካቆዩት ግን አላውቅልዎትም" ብሎኛል። ቁርዓን አስቀሪ ያለ ዓይን ምን ሊሆን ነው? ይኸው በወፍራም ብዕር፣ ፊደሉን አግዝፌ እጽፋለሁ።
ልጄ ተስለም ወፍራ ጠበቀችኝ። አልሐምዱሊላህ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ሸዋል 19
ወይ ጉድ! ባሏ መጣ። አልተደበቀም!
ከተጋቡ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ ፊቱን አይቼው አላውቅም። እንደ ወጉ። ጨዋ አማች የሚስቱ አባት ባለበት ዝር አይልም። እኔ ራሴ አማቴ እስኪሞቱ ድረስ ድምፄን አላሰማኋቸውም። መንገድ ላይ ካየኋቸው ፊቴን ሸፍኜ እጥፍ...
ይኼ ግን ድምያጥ የተወለደ ግብፃዊ ነው። ሾውቂ ይባላል። በሩን በርግዶ ገባና "ሐጂ! አባቴ!" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። በእርጥብ አፉ! የዓሣ መጋዘን ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው፤ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ጥምጣሜን ወደ አፍንጫዬ ሳብኩ። ብርድ የመታኝ መስሎት መስኮቱን ዘጋልኝ።

ሸዋል 20
አብሮኝ ሊበላ ተቀመጠ። ከአንድ ትሪ! የልጄ ባል ሲያላምጥ መስማት... አስተግፊሩላህ።
ደግሞ ራሱ ነው ያበሰለው። አረንጓዴ፣ ዝልግልግ፣ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ። ፉት ሲለው ከግድግዳው ማዶ ይሰማል። ይባስ ብሎ ሥጋ በጣቱ ቆርሶ ወደ አፌ። "በሞቴ ሐጂ፣ ይቺን ብቻ!" አፌን ገጠምኩ። ጢሜ ላይ ቀረ።
"ተስለምዬ፣ አባታችን ምነው አይበሉም?"
ስሟን ጠራ። ከነማቆላመጡ፣ እፊቴ! ጆሮዬ ጭው አለ። ተስለም መሬት መሬት ታያለች። ጦሜን አደርኩ።

ሸዋል 22
ተስለምን ለብቻዋ ያዝኳት።
"ይኼ ሰው ዓይኑን በጨው ነው ያጠበው?"
"አባባ፣ እነሱ ጋ እኮ ተቃራኒው ነው። አማቱን ያልሳመ፣ አብሮ ያልበላ፣ 'ናቀን' ይባላል። እያከበርዎት ነው።"
"ታዲያ የእኛን አልነገርሽውም?"
"ነገርኩት። ሳቀ። 'በገዛ ቤቴ ልደበቅ? ሌባ ነኝ?' አለኝ።"
በቃኝ። ነገ ወደ አጣር እመለሳለሁ። እንዲህ ያለውን ከማየትስ አለማየት ይሻላል።
"ይታወራሉ እኮ!" ብላ አለቀሰች። ልታወር።

ሸዋል 23
አልሄድኩም። ጠዋት ስነሳ ቤቱ ጭር ብሏል። "እሺ ብሏል፤ ከእንግዲህ አያዩትም" አለች ተስለም። እፎይ።
ረፋድ ላይ ውሃ ፍለጋ ማድቤት ገባሁ። ከፍሪጁ ጀርባ ሁለት እግር። ያውም ከነጫማው! እንዳላየ ሆኜ ወጣሁ። ከሰዓት ደግሞ በመስኮት ሲዘል የጎረቤት ፍየል ላይ አረፈ። ፍየሏ ጮኸች፣ እሱም ጮኸ፣ ሰፈሩ ወጣ። የእኛ ሰው ሲደበቅ ይጠፋል። ይኼ ሲደበቅ የባሰ ይታያል። ቀፈፈኝ።

ዙልቂዕዳ 2
ነገ ዓይኔ ይቀደዳል። ወንድሜ ያሕዚህ "እኔ አስታምምሃለሁ" ብሎ ምሎ ነበር። ዛሬ ደወለ... ግመል ጠፍታበት ፍለጋ ወጥቷል። ለግመል!
የሆስፒታሉ የወንዶች ክፍል ሴት አስታማሚ አያሳድርም። "ሌላ ወንድ ማን አለ?" አልኳት ተስለምን። ወደ ማድቤቱ አየች። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ዙልቂዕዳ 4
ዓይኔ ታሽጎ ነው የምጽፈው። መስመር ከመስመር ይጋጭ፣ ግድ የለኝም።
አጠገቤ አንድ ሰው አለ። ከትናንት ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ውሃ ያቀብላል፣ ትራስ ያስተካክላል። ዓሣ ዓሣ ይሸታል። አውቄዋለሁ። ማወቄን ያውቅ ይሆን?
ሽንት ቤት... እሱ ነው ይዞኝ የሄደ። ሱሪዬን እሱ... አልጽፈውም። የልጄ ባል! ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።
መድኃኒቱ አስመለሰኝ፣ መዳፉ ላይ። እጁን አልሳበም። አፌን ጠረገልኝ፣ ጢሜን አጠበልኝ። እኔ እሱን ከነማላመጡ ስጸየፍ ከረምኩ፤ እሱ ትውከቴን አልተጸየፈም። አፈርኩ። በእሱ አይደለም፣ በራሴ።
የጎን አልጋው ሽማግሌ "ልጅዎ ነው?" አሉኝ። አዎ ልል ነበር። "አስታማሚ ነው" አልኩ። ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ።

ዙልቂዕዳ 5
ሐኪሙ ፋሻውን ሊፈታ ሲጀምር የሚሮጥ እግር ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ ወንበሩ ባዶ ነው።
አያለሁ! የጣሪያው ስንጥቅ፣ የነርሷ ማዲያት፣ ሁሉም። ሰውየው ግን የለም። ወጉን ጠበቀልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ለምን አላለኝም?

ሙሐረም 17
አጣር። ቴምር ደርሷል፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል። ተስለምና ባሏም ከመጡ ሳምንት ሊሞላቸው ነው። እስካሁን አንድ ቀን ፊት ለፊቴ አልቆመም። ተሸፋፍኖ በጓሮ ይገባል፣ በጓሮ ይወጣል። ስስል እንኳ ይሸሻል።
ያሕዚህ አመሰገነኝ። "ምን ያለው ጨዋ አማች ነው! ይኼን ማን ግብፃዊ ይለዋል?" ሌሎቹም "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አሉ። እኔም አልኩ።
አንገሸገሸኝ። ግመሉን ሲፈልግ የነበረ ሰው ስለ ጨዋነት ያወራል። ከሁሉም የእኔ "እውነት ነው" ማለት አንገሸገሸኝ።

ሙሐረም 18
ምሳ። በግ ታርዷል። ያሕዚህ ቢስሚላህ ሲል ተነሳሁ። "ወዴት?" "መጣሁ።" ሥጋ በሳህን ያዝኩና ወደ ዘንባባዎቹ ሄድኩ።
ብቻውን ነው። ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ደረቅ ዳቦ ያኝካል። እንግዳ ውሻ እንኳ እንዲህ አይበላም። ሲያየኝ ሊሮጥ ብድግ አለ። ጥምጣም መጠምጠም መች ያውቃል? ተፈታበት። ጥርሱ ፍንጭት፣ ጆሮው ትልልቅ... ገና ልጅ እኮ ነው!
"ተቀመጥ።"
"ሐጂ፣ ነውር ነው። ተስለም ትቆጣኛለች።"
"ስሟን መጥራት አልተውክም?"
"ይቅርታ አባቴ።"
"ተቀመጥ አልኩህ።"
ተቀመጠ። ሳህኑን መሃላችን አደረግሁ። በላን።
ቀና ስል ያሕዚህና ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ያሕዚህ እንትፍ አለ። "በስተርጅና ተዋረድክ! ሰው እያየህ?"
"ይየኝ" አልኩት።
ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ። ቅልጥሙን ለልጁ ሰጠሁት። አመጣጠጡ ግን... አልዋሽም፣ አሁንም ያስጠላል።