በከበሮ ስለተቀበልነው ሽንፈት፣ ለከተማችን መብራት ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ ኡስታዝ ሙዝሂር
የኡም አል-ነኽል ከተማ መብራት ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎና በመላው ቤተሰብዎ ላይ ይሁን። ጤናዎ እንደምን ከርሟል? የእኛን ከጠየቁ፣ በዚህ በግንቦት ሙቀት እንደ ቴምር በስለን ለመለቀም ብቻ ነው የቀረን፤ አልሐምዱሊላህ። በድልድዩ አፍ ያለው ሻይ ቤት ባለቤት ሃቲፍ ነኝ። ይህን በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ ውለታዎ ለከተማው ሁሉ የደረሰ ስለሆነ ምስጋናውም በከተማው ሁሉ ፊት ይሁን ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቃልዎ ጽናት አመሰግናለሁ። እንደሚያስታውሱት፣ የሴቶች ትምህርት ቤታችን ሦስት ልጃገረዶች፣ በወንድሜ ልጅ በጉፍራን መሪነት፣ በቴሌቪዥን በሚተላለፈው የተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድር ስንቱን ትልቅ ከተማ ጥለው ለፍጻሜ ባግዳድ ገብተው ነበር። ከተማችን ከዚያ በፊት በቴሌቪዥን የታየችው ጎርፍ የበላት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ ከቀትር ጀምሮ ሻይ ቤቴን ሞላው። የሰፈሩ ጄኔሬተር ባለቤት ሰልማን፣ «ለማንኛውም ላስነሣው» ቢል፣ እርስዎ ሻይዎን እየጠጡ፣ «ምን በወጣህ! ዛሬ መብራት ከሄደ ጢሜን ላጩኝ» አሉት። ምስኪን አምኖዎት ጄኔሬተሩን ቆልፎ ሠርግ ሄደ። ጢምዎ እስካሁን እንዳማረበት በማየቴ የተሰማኝን ደስታ ልገልጽልዎ አልችልም።

ሁለተኛ፣ ሰዓት አክባሪነትዎን አደንቃለሁ። ውጤቱ እኩል ለእኩል ነበር። ጉፍራን ጣቷን ደወሉ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯን ነክሳ ትታያለች፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ ማንኪያ የሚያንቃጭል ሰው እንኳ አልነበረም። አቅራቢው «የመጨረሻው ጥያቄ» ብሎ አፉን ሲከፍት መብራት ሄደ። እንዲህ ያለውን ቅጽበት ለይቶ ማጥፋት የተራ ሠራተኛ ሥራ አይደለም፤ ጥበብ ይጠይቃል።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ስለሚምታታብኝ፣ ነገሩን እንደ ሆነው ላጫውትዎ።

መብራት ሲሄድ ስልኩም አብሮት እንደሚታመም ከእርስዎ የሚሰወር አይደለም። የጉፍራን አባት፣ ወንድሜ ጀባር፣ ባግዳድ ከአዳራሹ ሆኖ ደወለልኝ። «ዋንጫውን አልወሰድንም» ነበር ያለኝ። ለእኔ የደረሰኝ ግን «ዋንጫውን… ወሰድን…» የሚለው ብቻ ነው፤ ፊቱንም ኋላውንም የእርስዎ ጨለማ በላው። እኔም ወንበር ላይ ወጥቼ «ወስደናል!» ብዬ ጮህኩ። እልልታው ቀለጠ፣ ወንዱ እግሩን እየመታ ጨፈረ፤ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ጎረቤቴ ኡም ጃሲም ሁለት ሙክት አሳርዳ፣ የሰርግ ድስቶቿን ጥዳ ሩዝ ስታበስል ዋለች። መብራቱ ሳይመለስ ስለዋለ፣ ጀባር ስልክ ሲሞክር ውሎ አልቻለም።

ከቀትር በኋላ ከባግዳድ የሚመለሱትን ልጆች ልንቀበል ከበሮና ጡሩምባ ይዘን ድልድዩ ላይ ወጣን። መምህርታቸው ሲት ነዚሃ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ልጆቹ ከሚኒባሱ ውስጥ ሆነው ሕዝቡን ሲያዩ ሊያላግጥባቸው የወጣ መስሏቸው መጋረጃውን ሳቡ። ነገሩ ሲገባቸው አንደኛዋ፣ «ዝም እንበል፤ መጀመሪያ ይብሉ፣ ከዚያ ይደርሱበታል» ስትል፣ ጉፍራን «እኔ በውሸት ከበሮ አልገባም» ብላ ተነሣች።

በሩ ተከፈተ። ልጅቱ ደረጃው ላይ ቆመች፤ ዓይኗ አብጧል። «ተሸንፈናል» አለች። «የመጨረሻውን ጥያቄ የሳትኩት እኔ ነኝ። እነሱን ምንም እንዳትሏቸው።»

ከበሮው ቆመ። ኡስታዝ፣ በዚያች ሰዓት የሰው ሁሉ ዓይን ወደ እኔ ዞረ፤ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቱ የምትወርድበት ጠፍቷት ደረጃው ላይ ቆማ ቀረች። ያኔ ኡም ጃሲም ጭልፋዋን እንደያዘች ሰዉን እየገፋች መጥታ፣ «እና ሩዙም ተሸንፏል እንዴ? ነይ ውረጂ የኔ ልጅ፣ ሳይቀዘቅዝ!» አለቻት።

ከበሮ መቺውም፣ «ለመሆኑ ምን ብለው ነው የጠየቁሽ?» አላት።

«የኤሌክትሪክ ኃይል መለኪያ ምን ይባላል አሉኝ። ዋት ነበር፤ አምፔር አልኩ።»

«ወላሂ ልክ ነሽ!» አለ ከበሮ መቺው። «በዚህ አገር ማን አይቶት ያውቃልና ነው የሚለካው!»

ድልድዩ በሳቅ ተናወጠ። ጉፍራን እያለቀሰች ሳቀች፤ ከበሮውም ተነሣ። የተሸነፈ ቡድን እንዲያ ሲጨፈርለት አይቼ አላውቅም።

ሲመሽ ሻይ ቤቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ይቅርታ ልጠይቃት ስል ቀደመችኝና፣ «አጎቴ፣ እንኳን መብራት ሄደ» አለችኝ። «መልሱን ስስት ካሜራው ፊቴ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ሕፃን መስዬ ነው ያለቀስኩት። እናንተ ስላላያችሁኝ ነው ዛሬ ቀና ብዬ የሄድኩት።»

ስለዚህ ከላይ ካለው ምስጋና ሁሉ ይህኛው ከልቤ መሆኑን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። አደራዎን ግን እንዳይለምድብዎ፤ ልጅቱ በሚቀጥለው ወር የማትሪክ ፈተና አለባት፣ ለዚያኛው ፊቷ እንዲደበቅላት ሳይሆን መጽሐፏ እንዲታያት ነው የምንሻው።

በጨለማ ውስጥም ሆኖ ሞገስዎን መለየት የሚችል፣ ያልበራለትን እየከፈለ የሚኖር፣ እጅ የሚነሣ ታማኝ ደንበኛዎ፣

ሃቲፍ፣ ባለ ሻይ ቤቱ

የተረሳ ነገር፦ በዚያ ምሽት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ስመለከት፣ ከሆስፒታሉ ሌላ በከተማው ውስጥ የበራው የእርስዎ ቤት ብቻ ነበር። ምቀኞች «ከሆስፒታሉ መስመር ገመድ ቀጥሎ ነው» ቢሉኝ፣ «ዝም በሉ! ከፊታቸው የሚወጣ ኑር፣ የአላህ ብርሃን ነው» ብዬ ተቆጥቻቸዋለሁ። እባክዎ ውሸታም አያድርጉኝ፤ ገመዱን ትንሽ ሸፈን ያድርጉት።