ጥላሸት የለበሱት ወረቀቶችህ

ሻፊዬ፣ አላህ ይዘንልህ። ከተለየኸኝ ሁለት የቡና ለቀማ አለፈ። የጓሮው በር ተነቅሏል። እንቁራሪቶችህን ታኖርበት የነበረውን ባልዲ እናትህ ወደ መንደራቸው ወደ ጅሬን ወስደው ውሃ ይቀዱበታል። ምን እንደነበረበት ቢያውቁ አውጥተው ይጥሉት ነበር፤ አልነገርኳቸውም። ሌላም ያልነገርኳቸው አለ፤ ለአንተም ያልነገርኩህ።

የምትሠራበትን ቤተ ሙከራ ያሳየኸኝ ቀን ትዝ ይለኛል። የእንቁራሪቷን የጭን ጡንቻ በክር ከመርፌ ጋር አስረህ፣ መርፌው በጥላሸት በጠቆረ ወረቀት ላይ ነጭ መስመር ይጭር ነበር። ከቡና የሚወጣውን ካፌይን ስትጨምርበት ጡንቻው ተኮማትሮ ቀረ፤ መስመሩም ወጥቶ አልወርድም አለ። ከዚያ ያንን የማስተኛ መድኃኒት፣ ፌኖባርቢታል የምትለውን፣ ጠብ አድርገህ ትንፋሽህን ይዘህ ጠበቅክ። ይፈታዋል ወይስ ይብሱን ያጠብቀዋል? ሦስት ዓመት ይህንን ስትጠይቅ ኖርክ። ለእንቁራሪት ያለህ ትዕግሥት ለእኔም ቢኖርህ እያልኩ አሾፍብህ ነበር። ወረቀቶቹን ጥላሸቱ እንዳይለቅ ቫርኒሽ እየቀባህ አልጋችን ሥር ባለው ሳጥን ታስቀምጣቸው ነበር።

የቤት ለቤት አሰሳው የመጣ ቀን አንተ አጋሮ ነበርክ። የቀበሌ ጠባቂዎች ጎረቤት ሲገቡ ሳጥኑን ከፈትኩት። ጥቁር ወረቀት፣ ተራራ የመሰለ መስመር፣ ከሥሩ የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር። የሚስጥር ካርታ ነው ይሉታል ብዬ ደነገጥኩ። ሁሉንም ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው። ሲገቡ ያገኙት ባልዲውን ብቻ ነው። አንዱ «ኦቦ ሻፊ እንቁራሪት ማርባት ጀመረ እንዴ?» ብሎ ሳቀና ወጡ።

ስትመለስ ፊትህን አይቼ እውነቱን መናገር አቃተኝ። ወሰዷቸው አልኩህ። ምሳህን እንኳ ሳትበላ ቀበሌ ሄጄ ልጠይቃቸው ብለህ ተነሣህ። እጅጌህን ይዤ ነበር፤ አስለቅቀህ ወጣህ። የምን ወረቀት ብለው እንዳፋጠጡህ፣ አንተም ስለ ጡንቻና ስለ መድኃኒት ስታስረዳ እንዳላመኑህ አብሮህ የታሰረ ሰው ነገረኝ። በሳምንቱ ወደ እስር ቤቱ ምሳ ይዤ ስሄድ ልብስህን ብቻ ሰጡኝ።

ለቀስተኛው ሁሉ ወረቀቱን ወስደው ሰውየውንም ጨመሩበት እያለ አለቀሰ። እናትህም እስከ ዛሬ የሚያምኑት ይህንኑ ነው። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። የዚያን የሦስት ዓመት ጥያቄህን መልስ አግኝተህ እንደነበር እንኳ አላውቅም።

ነገ ጅሬን እወጣለሁ። ለእናትህ እነግራቸዋለሁ፤ ቢያባርሩኝም ይሁን። ስላንተ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ሻፊ የሄደው ወረቀቶቹን ሊያስመልስ ነው፣ ያቃጠልኳቸው ግን እኔ ነኝ እላለሁ። ወደ አንተ እስክመጣ ድረስ የማስታውስህ እንዲህ ነው።

ዘይነባህ