ልጄን አስቀርታችሁ እኔን ለምትመልሱኝ

ለክቡር የተመላሾች ጉዳይ ኃላፊ
አሥመራ፣ ሐምሌ 1983 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ በሙሉ ጤንነት፣ በሰላምና በጥሩ እንቅልፍ እንደሚገኙ አልጠራጠርም። እኔ የጥራቮሎ ሰፈሯ ልብስ ሰፊ የሺሀረግ በለጠ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስከ ሐሙስ ድረስ ደኅና ነኝ። ሐሙስ ጠዋት በማኪና ጭናችሁ ወደ አገሬ እንደምትመልሱኝ በማኅተም ስላረጋገጣችሁልኝ ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ «መመለስ» ምን ማለት እንደሆነ ስላስተማራችሁኝ። እኔ መሃይሟ፣ ሰው የሚመለሰው ወደ ወጣበት ይመስለኝ ነበርና፣ እዳጋ ሓሙስ ገበያ ክር ገዝቼ ቤቴ ስገባ ተመለስኩ እል ነበር። የተወለድኩትም እናቴን አብርሄትን የቀበርኩትም እዚሁ ነው። ወረቀታችሁ ግን የምመለሰው ጎንደር ነው ይላል። ጎንደርን የማውቃት ሟቹ አባቴ ሃምሳ አለቃ በለጠ ሞቅ ሲለው ሲያወራላት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ምስክሮቼ። ያገር ልጅ ያገባች ትቀራለች ሲባል ሰምቼ፣ ባለፈው ሰኞ ሦስት የማኅበር እህቶቼን ይዤ ቢሯችሁ መጣሁ። እነ አዜብ ወንጌል ይዘው ምለው፣ የአራት ዓመቷ ሚጡ የባሌ የተኽኣ ልጅ መሆኗን፣ ተኽኣም በረሃ ወጥቶ መሠዋቱን መሰከሩልኝ። ጸሐፊያችሁ በጨዋነት መዝግቦ ሲያበቃ፣ ልጅቷ የሰማዕት ልጅ ስለሆነች አገሯ እዚህ ነው፣ አትሄድም፤ እናቷ ግን ትመለሳለች ብሎ ፈረደ። በገዛ ምስክሮቼ ልጄን በወረቀት አስረክቤ ወጣሁ። አዜብ «ኣጆኺ፣ አይዞሽ» ብላ ክንዴን ይዛ ደረጃውን አወረደችኝ።

ከሐሙስ በኋላ ሚጡ ማን ዘንድ እንደምታድር ስጠይቅ፣ መንግሥት አለላት ተባልኩ። መንግሥት በእንቅልፏ ስትባንን ውሃ ይሰጣት እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ፈራሁ።

ሦስተኛ፣ የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ትናንት ከእናንተ የተላከ ሰው መጥቶ ቤቴን ለካ። ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ነው የገባው፣ ስለ ጨዋነቱ ይመስገን። ሚጡ የሜትሩን ጫፍ ይዛ አገዘችው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለልጆችዎም ከእናታቸው ጋር ማደግን እየተመኘሁ፣

አሥመራ ተወልዳ ወደ ጎንደር የምትመለሰው ትሑት አገልጋይዎ
የሺሀረግ በለጠ

ማሳሰቢያ፦ ሚጡ አንገቴን ስትይዝ አጥብቃ ነው። ሐሙስ ጠዋት እጆቿን የሚያላቅቀውን ሰው ስም ከወረቀቱ ግርጌ ያስጽፉልኝ። ስታድግ መጠየቋ አይቀርም፤ ያኔ እኔ አጠገቧ አልኖርም፣ እርስዎን ግን አገርዎ ላይ ታገኝዎታለች።