ቡሎኑ ሳይጠብቅ ስለተፈታው ጨርቅ

ዛሬ ቅዳሜ፣ የካቲት ስምንት ቀን፣ ከረፋዱ ላይ፣ ከጋራዤ በላይ ባለው መኝታ ክፍሌ፣ ትራስ ተደግፌ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ሳንባዬ ከድቶኛል፤ እግሬም ከወለሉ ጋር ተኳርፏል። አእምሮዬ ግን ደህና ነው። የሚጠራጠር ካለ፣ እዚህ ከተቀመጡት መካከል ማን ማንን ሲያማ እንደሰማሁ በተራ ልነግረው እችላለሁ።

ምስክሮቼ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጡረታ የወጡት ነርስ እና የመለዋወጫ ዕቃ ሻጩ ናቸው። የሚጽፍልኝ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ ነው። ሁለቱ ልጆቼም አሉ። ሴቷ ከእግርጌዬ ተቀምጣለች፤ ወንዱ ለመውጣት እንዲያመቸው በሩን ይዞ ቆሟል።

በመጀመሪያ፣ መኖሪያ ቤቱ ለሁለቱም እኩል ይሁን። አባት የልጁን ጣሪያ አይነጥቅም። ወንዱ «ሳሎኑ ለብቻዬ» ቢል ግን፣ እዚያ ያሉትን ወንበሮች ሁሉ የሰፋችው እኅቱ ናትና ወንበሮቿን ይዛ ትውጣ፤ እርሱ መሬት ይቀመጥ።

የእናታቸው መስታወት ለሴት ልጄ ነው። እናታቸው፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይህ ልጅ መስታወት ከሚያይ ሥራውን ቢያይ» ትል ነበር። ሰው የማወቅ ጸጋ ነበራት። ከእኔ በቀር በማንም አልተሳሳተችም።

ሬዲዮኔ ላይ ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን ጥሎ እንደኖረ አውቃለሁ። ምስክር አይወርስም ሲባል «እንግዲያው ምስክርነቱ ይቅርብኝ» ብሎ አስቆናል። ይህም ይጻፍ። ሬዲዮኑ ለሚስቱ ይሁን፤ ደስ ሲላት ትከፍትለታለች።

አሁን ወደ ጋራዡ እንምጣ። ሁላችሁም ጆሯችሁን ያቆማችሁት ለዚህ ነው፤ ለሳንባዬ የመጣ የለም።

በዚህ ጋራዥ እኔ ያወጣሁት አንድ ሥርዓት አለ። በእጅ ብቻ የገባ፣ በመፍቻ ያልጠበቀ ቡሎን ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል። ጨርቁን የሚፈታው ቡሎኑን ያጠበቀው እጅ ብቻ ነው። ባለሙያው ቢታመም፣ ከሚስቱ ተጣልቶ ቢቀር፣ የሚተካው ሰው ጨርቁን አይቶ ሥራው የት ላይ እንደቆመ ይረዳል። ይህን ለማወቅ ዓይን ይበቃል። ልጄ ሁለት ዓይን አለው፤ ሁለቱም የሚያዩት እርሱኑ ነው።

እኔ አልጋ ከያዝኩ ወዲህ ራሱን «ዳይሬክተር» ብሎ ሾመ። ጸሐፊው «ይህ ቃል ለኑዛዜ አይሆንም» ይለኛል። ጻፍ አልኩህ! እርሱ ራሱ ነው በካርድ ያሳተመው።

ተማሪ የምታመላልሰው ሴትዮ ሚኒባሷን አምጥታ ሞተር አስቀየረች። እንጀራዋ የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት ማድረስና መመለስ ነው፤ ሌላ የላትም። ዳይሬክተሩ ሞተሩን ራሱ አስገባ። ግማሹን ቡሎን አጥብቆ ስልክ ሲጠራው ትቶ ሄደ። ሲመለስ ሴትዮዋ ልትረከብ በር ላይ ደርሳለች። ይህ ሰው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለማስታወቂያ ፎቶ መነሳት አማረው። ቀዩ ጨርቅ ሞተሩን አዝረክርኮበታልና፣ ሁሉንም ፈታትቶ ቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ጣለው። ኮፋኖውን ከፍቶ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ አጠገቡ ቆሞ ተነሳ። ቡሎኑን ማን ያጥብቀው? ካሜራው?

እኔ ይህን ሁሉ በዚህ መስኮት አይቻለሁ። መስታወቱን በከዘራዬ ደበደብኩት። ቀና ብሎ አየኝና ሰላም ያልኩት መስሎት እጁን አውለበለበልኝ። እኅቱን ጠርቼ ወደ እርሱ ስልካት ሚኒባሱ ወጥቷል። የሴትዮዋ ስልክ ቁጥር ያለው እርሱ ጋ ነው። «ደውልላት፣ ትመለስ!» ብትለው «ደንበኛ አታስደንግጪብኝ» አላት።

ከዚያ የሆነውን ሰፈሩ ያውቀዋል። ሞተሩን ከመቀመጫው የሚያስሩት ቡሎኖች መንገድ ላይ ረገፉ። ሞተሩ ተንጋደደ፤ የዘይት ቋቱ ተበሳ። ደግነቱ ሴትዮዋ ልጆቹን አድርሳ ባዶዋን እየተመለሰች ነበር። ከመሪው ፊት የዘይቱ ቀይ መብራት ቢበራባት ዳር ይዛ ቆመችና ለዳይሬክተሩ ደወለች። እርሱም ወንበሩን እያሽከረከረ፣ እኅቱ እየሰማች፣ «አዲስ ሞተር እስኪለማመድ ያበራል፤ ዝም ብለሽ ንጂው» አላት። ቃሉን አምና ነዳችው። ሞተሩ ያለ ዘይት ተቃጠለ።

በገመድ አስጎትታ ስትመጣ፣ በሩ ላይ ያሰቀለውን ሰሌዳ በጣቱ አሳያት። «ከግቢ ለወጣ መኪና ጋራዡ ተጠያቂ አይደለም» ይላል። መኪና የሚጠገነው ከግቢ ሊወጣ አይደለም እንዴ? በእርሱ ቤት እኛ የምንጠየቀው ቆሞ ለሚያድር መኪና ነው። ይህን ሰሌዳ ከነምስማሩ ለእርሱ አወርሰዋለሁ። ሚስት ሲያገባ ለአማቶቹ ያንብብላቸው።

እዚህ ላይ ልጄ ተናገረ፤ ቃሉ እንዳለ ይጻፍ። «አባባ፣ እርስዎ አሞዎታል። መብራቱ ሲበራ ማቆም ነበረባት። ደግሞ ሞተሩ ራሱ ብልሹ ነበር።»

አንደኛ፣ እስከ ትናንት «አንተ» ነበር የሚለኝ። ንብረት ሊከፈል ነው ሲባል «እርስዎ» ሆንኩ። ሁለተኛ፣ ሞተሩን የሸጠው ሰው እዚሁ ተቀምጧል።

የመለዋወጫ ሻጩ ከወንበሩ ተነሳ። «እኔ ብልሹ ሸጬ አላውቅም! ስትገዛ አንተው አይደለህ እንዴ አስነስተህ ሰምተህ ‘እንደ ሰዓት ነው’ ያልከኝ?»

«ያኔማ ጥሩ ነበር፤ በኋላ…» አለ ልጄ።

«በኋላማ አንተ እጅ ገባ» አሉ ነርሷ።

ጥፋቱን በሴትዮዋም፣ በሞተሩም ላከከው። በዚህ ግቢ ውስጥ ያልከሰሰው ድመቷን ብቻ ነው።

ስለዚህ በምስክሮች ፊት የምለው ይህ ነው። ለዚህ ሞተር መቃጠል ተጠያቂው ጋራዤ ነው። ጋራዡን የሚወርስ ጥፋቱንም አብሮ ይወርሳል፤ ሥጋውን ለእኔ፣ አጥንቱን ለደንበኛ ማለት የለም። ወራሹ ከእኔው ሚኒባስ፣ ሽፋን ለብሳ ግቢ ከቆመችው፣ ሞተሩን አውጥቶ ለሴትዮዋ ያስገባላት። ዓይነቱ አንድ ነው፤ በእጄ የያዝኩት ስለሆነ እንኳን ሰፈር፣ አገር ያዞራል።

የበኩር ልጄ ነውና መጀመሪያ ወንዱን ጠየቅኩት። «ጥፋቱን አምነህ ትወስደዋለህ?»

«ጋራዡን እወስዳለሁ። ጥፋቱን ግን… ስም አለኝ እኮ አባባ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

ጻፍ። እምቢ ብሏል።

ጋራዡ ለሴት ልጄ ነው። ጥግ ተቀምጣ የመኪና ወንበር ስትሰፋ «ስፌት እኮ ናት» እያለ ሲንቃት ኖሯል። የሰፋችው ወንበር ግን እስካሁን ከማንም ሥር አልተተረተረም።

«እሺ፣ ከነጥፋቱ እወስዳለሁ» አለችና ወደ ጸሐፊው ዞረች። «ይቅርታ ጋሼ፣ ኑዛዜ የሚሠራው መቼ ነው?»

«ተናዛዡ ሲያርፉ ነዋ!»

«ታዲያ አባዬ፣ ሴትዮዋ ሞተር ለማግኘት አንተ እስክትሞት ልትጠብቅ ነው? በየጠዋቱ ጤናህን የምትጠይቀው እኮ ወድዳህ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ‘ዛሬስ እንዴት አደሩ?’ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ማን ያውቃል?»

ፀጉር አስተካካዩ ሳቁ አምልጦት በሳል ሸፈነው። እኔም ስስቅ ሳንባዬ ሊወጣ ደረሰ። እውነቷን ነው። ሴትዮዋ እንጀራዋን ለማግኘት የሬሳ ሣጥኔን ልትናፍቅ አይገባም፤ ያንን የሚናፍቅ በሩን ይዞ ቆሟል።

ስለዚህ ይህ አንቀጽ ከኑዛዜው ይሰረዝ፤ ትእዛዝ ነው፣ አሁን ይፈጸም። የጋራዡን ቁልፍ ከትራሴ ሥር አውጥቼ ለሴት ልጄ ሰጥቻለሁ። ሠራተኞቹን ትጥራ፤ ሞተር የሚያወጣው የሰንሰለት ማንሻ ይቅረብ።

«አባባ፣ መኪናዋን እኮ እሰጥሃለሁ ብለውኝ ነበር!»

ቃሌን አላጥፍም። የሚኒባሴን አካል፣ ያለ ሞተሩ፣ ለወንድ ልጄ ሰጥቻለሁ። ቀለሟ ያብረቀርቃል፤ ውስጧ ባዶ ነው። ፎቶ ይነሳባት።

ይህ የመጨረሻ ቃሌ ነው፤ ከዛሬ በፊት የተናዘዝኩት ሁሉ ቀርቷል።

የተናዛዡ ፊርማ ________
የምስክሮች ፊርማ፦ ፀጉር አስተካካዩ ________ ነርሷ ________ የመለዋወጫ ዕቃ ሻጩ ________

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ተናዛዡ ሞተሩ ከሚኒባሴ ሲወጣ ካላየሁ አልፈርምም ስላሉ አልጋቸው ወደ መስኮቱ ተገፍቷል፤ አይተው ፈርመዋል። ወንዱ ልጅ ሰምቻለሁ ብለው እንዲፈርሙ ቢጠየቁ ስልክ መጣብኝ ብለው ወርደዋል። ሴትዮዋም ተጠርተው መጡ። እኔም ለነገሩ ፍጻሜ እንዲሆን «ሞተሩን ተረክቤአለሁ፣ ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ጽፌ ብሰጣቸው፣ እስኪርብቶውን መለሱልኝና «መጀመሪያ ይግባ፤ ቀጥሎ ልጆቹን ጭኜ ደርሼ ልመለስ። ያኔ እናያለን» አሉ። ተናዛዡም ከአልጋቸው ሆነው፣ «አትፈርሚ! ጎበዝ! ጻፍ፣ አልፈረመችም ብለህ ጻፍ!» ስላሉ፣ ይኸው ጽፌአለሁ።