የማሽን ቡናና የእሑድ ተራዬ

ሰኞ፣ ህዳር 9

እንደገና ውኃ ሆነ። ሦስተኛ ቀኔ ነው። ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ መጨረሻ ላይ የሚያወርደው ዕቃ የታጠበበት የመሰለ ነገር ነው። ሲኒውን ወደ መስኮቱ ይዤ አየሁት፤ ታቹ ይታያል። ታቹ ከታየ ምኑን ቡና ሆነ።

ማሽኑን ያመጣችልኝ ልጄ ብርቱካን ናት። አዲስ አበባ ቢሮ ትሠራለች። ባለፈው ሳምንት መጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «አባዬ፣ ምንም ሥራ የለውም። ውኃ ትሞላለህ፣ ይችን ትከታለህ፣ ይሄን ትጫናለህ» ብላ አሳየችኝ። በማግሥቱ ሄደች። ያችን ቡና የታሸገባትን ትንሽ ዕቃ ካፕሱል ትላታለች። እኔ ጥይት ነው የምላት። አገባቧም አወጣጧም ጥይት ነው። ከተተኮሰች በኋላ ቀለህ ናት።

ለምን እንደምለፋ ልጻፈው። በእኛ መደዳ አራት ቤት ነን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና በተራ ነው። አንዱን እሑድ እታለማሁ፣ አንዱን መሪጌታ ቤት፣ አንዱን ተከራይዋ ሰናይት፣ አንዱን የእኛ ቤት። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲህ የእኛን ቤት ዘለው ነው የሚያዞሩት። ክፉ አስበው አይደለም። እኔ ግን የማላጠጣ ሰው ከሰው ቤት አልጠጣም አልሁ። ሲጠሩኝ ቀረሁ። ሲጠሩኝ ቀረሁ። መጥራቱን ተዉት።

ትናንት በራፍ ላይ እታለማሁን አገኘኋት።
«በሚመጣው እሑድ ተራው የእኔ ነው» አልኋት።
«ማን አፍልቶ?»
«እኔ።»
«ኧረ አያ ፈንቴ! እኔ መጥቼ ላፍላልዎ እንጂ።»
«ቤቴ ሰው አለበት» ብያት ገባሁ።

አፌ ነው መቼም። ጀበናውንማ ሞክሬዋለሁ። አንዴ ገነፈለ። አንዴ አረረ። በሦስተኛው አንገቱ ተሰበረ።


ማክሰኞ፣ ህዳር 10

ዛሬ ተዋረድሁ።

ሰናይት የማሽኑን ጩኸት ሰምታ መጣች። ኮሌጅ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ እዚያም እንዲህ ያለ አላቸው። ሲኒውን አየችና «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለች።
«በረካው ነው።»
«የምን በረካ?»
አስረዳኋት። ጥይቷን ከተትሁ፣ አንዴ ተጫንሁ፣ አቦል ወረደ። ሳላወጣት ደግሜ ተጫንሁ፣ ቶና። ሦስተኛውን ተጫንሁ፣ በረካ። ልጅቱ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። ኋላ ቁጭ ብላ ሳቀች።

«አባባ፣ አንዷ ለአንድ ሲኒ ብቻ ናት። ከዚያ ትጣላለች።»
«ቡና አንዴ ወርዶ ይጣላል?»
«ይጣላል።»
«ማን ነው ይሄን የሠራው? ጎረቤት የለውም?»

ይባስ ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አቦሉስ ራሱ ለምን ቀጠነ ብላት ቁልፉን አሳየችኝ። ትልቅ ሲኒ የተሳለበትን ነበር የምጫነው። ትልቁን ስለምወድ አይደለም፤ መነጽሬ ስለተሰነጠቀ ነው። ትንሹን ሲኒ ተጫንሁ። ተሻለ። ታቹ ግን አሁንም ይታያል፤ ሐይቁ መካከል ያለችው ደቅ ደሴት በጠዋት ጭጋግ ከሩቅ እንደምትታየው።

ስንቱን ጥይት በከንቱ ተኮስሁ። ሠላሳ ነበሩ፤ ዘጠኝ አልቀዋል።


ረቡዕ፣ ህዳር 11

ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀመስሁም። ባልቀምስም እጄ አላረፈም። ባዶ ሆድ ሰውን ያጀግነዋል መሰለኝ።

አንዷ ጥይት ካልወፈረች ሁለቱን በአንድ አደርጋለሁ አልሁ። በቢላ ከፈትኋቸው። የሁለቱንም ቡና አንዷ ውስጥ በአውራ ጣቴ ጠቀጠቅሁ። አፏን በብስኩት ወረቀት ሸፈንሁ። ከተትሁ። ተጫንሁ።

ማሽኑ አቃሰተ። እኔ ከባሕር ዳር ጎርጎራ፣ ከጎርጎራ ባሕር ዳር የጀልባ ሞተር ይዤ ነው ያረጀሁት። ሞተር ሲታነቅ ድምፁን አውቀዋለሁ። ታነቀ። ላጥፋው ስል የፈላው ውኃ በጎኑ ወጥቶ እጄን ላጠኝ። ሲኒ ውስጥ ጠብታ የለም። ጠረጴዛው ላይ ጭቃ።

ከዚያ በኋላ ብጫነው ይበራል እንጂ ውኃ አያወርድም። ሁለት ጥይት ደግሞ በዚያ ሄደ።

ለብርቱካን አልደወልሁላትም። ምን እላታለሁ። «ጠቀጠቅሁት» ልበላት?

እሑድ አራት ቀን ቀረው። ጀበና የለኝም። ማሽን የለኝም። አፍ ብቻ አለኝ።


ሐሙስ፣ ህዳር 12፣ ሚካኤል

ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመለስሁ። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው፤ ጭሱ ዓይን አያስከፍትም። እጄ አብጧል። በሩን ዘግቼ ማሽኑን ከፈታሁት።

ቡናው መርፌዋን ደፍኗታል። ማሽኑ ጥይቷን የሚበሳባት ትንሽ መርፌ አለችው። በጥሩወርቅ የስፌት መርፌ ጠረግኋት። ውኃው ወረደ፤ ግን እንደ ሽማግሌ ሽንት ነው የሚወርደው። ይቅርታ፣ ማንም አያነበውም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ይሄ የትናንት ጥፋት ብቻ አይደለም። ብርቱካን ማሽኑን ያመጣችው ቢሮዋ ሲሠራበት ኖሮ ሲቀይሩት ነው። ውኃ ሲፈላ በቧንቧ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ጀልባው ላይም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ቧንቧ እንዲህ ይሆን ነበር። ቧንቧው ሲጠብ ግፊት ይሞታል። ግፊት ከሞተ ደግሞ ቡናው ከየት ይወፍራል?

ስድስት ሎሚ ጨመቅሁ። አጠለልሁት። ከውኃ ጋር ሞልቼ ያለ ጥይት አስወረድሁት። አስቀምጬው ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ፤ ለደቅ የሚጫን ጀልባ ነበር፣ ልጆቹ ሞተሩን ሲያስነሡ ቆሜ ሰማሁ። አያያዛቸው አላማረኝም። ስመለስ የሎሚውን ውኃ ደገምሁት። ነጭ ነጭ ነገር ወጣ፤ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ሦስት ጊዜ አጠብሁት።

ዛሬ ጥይት አላባከንሁም። ውኃው ብቻ ወረደ፤ ቀጥ ብሎ፣ በኃይል። ድምፁም ተስተካከለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ ዕቃ ጋር ተግባባን።


ዓርብ፣ ህዳር 13

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሞከርሁ። አምስት ጥይት ፈጀሁ፤ አልጸጸትም። ያወቅሁትን እንዳልረሳው፦

ከቧንቧ ቀጥታ የተቀዳ ውኃ አይሆንም። ፈልቶ ያደረ፣ የጠለለ።
መጀመሪያ ባዶውን አንዴ ማስወረድ። ማሽኑ ይሞቃል፤ በዚያው ውኃ ሲኒው ይሞቃል።
ጥይቷን ከመክተት በፊት ጆሮዬ ዘንድ ወዝወዝ ማድረግ። የተጋገረው ይላቀቃል።
ትንሹን ሲኒ መጫን።
ዋናው ይሄ ነው፤ ዓይን አለመንቀል። መጀመሪያ ጥቁር ይወርዳል። ከዚያ ቡናማ። ከዚያ ገለባ የመሰለ። ገለባው ሲጀምር ደግሞ ተጭኖ መቁረጥ። ማሽኑ ይጨርስ ብሎ የተወው ሰው ውኃ ይጠጣል።

ይሄን የመጨረሻውን ሰናይትም አልነገረችኝም። ራሴ ነው ያገኘሁት። የሞተር ዘይት ሲቀየር ዓይን ከሚወርደው ላይ አይነሣም፤ እንደዚያው ነው።

ታቹ አልታየም! ወደ መስኮት ይዤው ሄድሁ፣ ወደ አምፖል ይዤው ሄድሁ፣ አልታየም። ከላይ ወርቅማ አረፋ ሠርቷል። ቀመስሁት። ምላስ ላይ ይቀመጣል።

ዘወር ብዬ «እስቲ ቅመሺ» ልል ነበር። ያለው ወንበሩ ነው።

ማታ ብርቱካን ደወለች። «አባዬ፣ ማሽኑን ለመድኸው?» አለች። «ጥይት ላኪልኝ» አልኋት። ባሕር ዳር እኔ የጠየቅሁት ሱቅ ሁሉ የለውም። እሷም በሚቀጥለው ሳምንት ካልሆነ አይደርስም አለች።


ቅዳሜ፣ ህዳር 14

አሥራ አራት ጥይት ነው ያለው። እታለማሁ፣ መሪጌታ፣ ባለቤታቸው፣ ሰናይት፤ አራት እንግዳ። የሰናይት ባል ፋብሪካ ተረኛ ነው። ለእያንዳንዱ ሦስት፣ አሥራ ሁለት። እኔ አቦልና ቶና እጠጣለሁ፤ በረካውን እዘላለሁ። ዛሬ ለመለማመጃ እንኳ አልነካሁም።

ነገ ጾሙ ይገባል። ቆሎ ገዛሁ። ቤቱን ጠረግሁ። ሲኒዎቹን አጠብሁ። አንዱ ጠርዙ ተሸርፏል፤ እሱን ለራሴ።

መሪጌታ ቤት ሄጄ ነገርኋቸው። «ደስ ይለናል» አሉ። ባለቤታቸው ግን «ማን ያፈላል?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም የሚጠይቀው እሱን ነው።


እሑድ፣ ህዳር 15

መጡ። ሁሉም መጡ። ያሰብሁበት ሁሉ ሠመረ፣ ያላሰብሁበት ገደለኝ።

ለመሪጌታ ቀዳሁላቸው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ አረፋ ያለው። ተቀብለው ያዙት። ያዙት ብቻ። ለሁሉም ሳይቀዳና ሳይባረክ ማን ይጠጣል? ጀበና ቢሆን ለአምስቱም በአንድ ትንፋሽ ይቀዳ ነበር። ይሄ አንድ ሲኒ፣ አንድ ሲኒ ነው። ቀለህ ማውጣት፣ ባዶውን ማስወረድ፣ ማሞቅ፣ መወዝወዝ፣ መጫን፣ ቆሞ ማየት፣ መቁረጥ። ሳምንቱን ሙሉ የለፋሁት ስለ አንድ ሲኒ ነው። እንግዳ አራት መሆኑን ስቆጥር ጥይቱን እንጂ ሰዓቱን አልቆጠርሁም።

ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቆሜያለሁ። መሪጌታ ስለ ዘንድሮ ጤፍ ጀመሩ። ማሽኑ ጮኸ፤ አቆሙ። ዝም ሲል ቀጠሉ። ጮኸ፤ አቆሙ። ኋላ ተዉት።

«አያ ፈንቴ፣ ጎርጎራ ደርሶ የሚመለስ ጀልባ እንኳ እንዲህ አያስጠብቅም» አለች እታለማሁ። ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መሰልሁ። ላቤ ግን ወረደ።

የራሴን ስቀዳ የመሪጌታ አረፋ ጠፍቶ ነበር። ባረኩ፤ አሳጥረው ባረኩ። ቀዝቃዛውን በአንድ ጊዜ ዋጡት። «ወፍራም ነው» አሉ። ባለቤታቸው «ጥሩ ነው» አሉ። እታለማሁ ሲኒዋን አስቀመጠች።

ሁለተኛውን ጀመርሁ። ልፍጠን ብዬ ሲኒ ሳላሞቅ ቀዳሁ። እንደዚያም ሆኖ ዘገየ። መሪጌታ ቀመሱና ሲኒውን አዩት።
«ይሄ ቶና ነው?»
«ቶና ነው።»
«አቦሉን መልሰው የሰጡን መሰለኝ እኮ!»
«አዲስ ነው፤ ሁሉም አዲስ ነው» አለች ሰናይት።
«ታዲያ በረካውም እንዲሁ ሊመታን ነው? እኔ ሌሊት ማኅሌት የምቆም ሰው ነኝ። ዛሬ በዚሁ ማደሬ ነው።»
እንደገና ሳቁ። ክፋት የለውም። ግን ቡና እየቀጠነ ሲሄድ ነው ወሬ የሚወፍረው። በአቦል ሰላምታ፣ በቶና ጨዋታ፣ በረካ ላይ ሰው የሆዱን ያወጣል። የእኔ ቡና ባለበት ይመታል። ወሬውም ባለበት ቆመ።

ሦስተኛውን ልጀምር ስል መሪጌታ ሰዓታቸውን አዩ። ተማሪዎቻቸው እየጠበቁ ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብለው ተነሡ። ባለቤታቸው ተከተሏቸው። ሰናይትም ልጇ አልቅሷል ተብላ ሄደች።

በረካ ሳይጠጣ ከዚህ ቤት ሰው ወጥቶ አያውቅም። በጥሩወርቅ ጊዜ አንድም ቀን።

እታለማሁ ቀረች። ሲኒዎቹን ሰበሰበች። «ተይው፣ አጥበዋለሁ» አልኋት። አልተወችም። ጀርባዋን ሰጥታኝ እያጠበች «ቡናውስ ወፍራም ነው፤ ለፍተውበታል» አለች። መጨረሻውን ሲኒ ደፍታ «ግን አያ ፈንቴ፣ ይሄ ዕቃ ለአንድ ሰው የተሠራ ነው» አለች።

እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ሄደች። ቆሎው እንዳለ ነው።


ሰኞ፣ ህዳር 16፣ ኪዳነ ምሕረት

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንድ ቀዳሁ። ሳልቸኩል። እንዲህ ያለ ወጥቶልኝ አያውቅም። ቁጭ ብዬ ጠጣሁት። አለቀ። ሌላ ምን ይጻፋል።

ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ነው የማስበው። ተራዬ ደረሰ ወይስ አልደረሰም? ጠርቻለሁ፤ መጥተዋል፤ ጠጥተዋል። ይሄ ተራ ነው። በረካው አልተጠጣም፤ ምርቃቱ አልተሟላም። ይሄ ተራ አይደለም። እንዲህ ያለውን የምታውቀው ጥሩወርቅ ነበረች፤ እኔ ቁጭ ብሎ የሚጠጣ ሰው ነበርሁ። ተራ ካልሆነ በሚመጣው እሑድ ቢጠሩኝም አልሄድም። ቃሌ ነው። ከዚህ በኋላ ደግሞ ማን አምኖ ይመጣልኛል። በቃ፣ ተዘልሎ የቀረ ቤት ነው።

ወደ ማታ ውኃ መጣ ተብሎ ጀሪካን ይዤ ወጣሁ። እታለማሁ ቀድማኝ ተሰልፋለች። ቀና ብላም አላየችኝ። ጀሪካኗን እየከደነች «እሑድ እኔ ጋ ነው» አለች።
ጀሪካኔን ወደ ቧንቧው ገፋሁ።
«የቀረችውን በረካ እዚያ እንጠጣታለን። ከቅዳሴ ሲወጡ ቤት ሳይገቡ ይምጡ፤ ከገቡ አይወጡም፣ አውቅዎታለሁ።»
«እህ» አልሁ።

ጀሪካኗን አዝላ መሄድ ጀመረች። ተራዬን ቆጥራልኝ ይሁን አዝናልኝ አላወቅሁም። ልጠይቃት አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። እሷ እንደሆነች ከተጠየቀች እውነቱን ትናገራለች፤ አዝኜልዎ ነው ካለችኝ መሄዴ ሊቀር ነው።